ለእማማ ዳኑቴ ያልተነገረው መርዶ

የዘነቡ አንድ ቀን ምን ያስወጣታል ብትሉኝ፦ የባርት ባቡርና የአውቶቡስ መሳፈሪያ፣ የወገብ ማስታገሻ ክኒን፣ ልጇን በተኛበት ስሞ መውጣት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አንድ ውሸት። ይህን የማውቀው ኦክላንድ ውስጥ ጎረቤቷ ስለሆንኩ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ልጄን ለባለቤቴ ትቼ፣ እሷ በምትሠራበት የኮንኮርድ የአረጋውያን ቤት ሺፍት እገባለሁ።

እማማ ዳኑቴ የሊትዌኒያ ሰው ናቸው። በሕፃንነታቸው ከጦርነት ሸሽተው መጥተው ዕድሜያቸውን በእንግሊዝኛ ኖረዋል። ስትሮክ ሲመታቸው እንግሊዝኛው ጠፍቶ የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ቀረ። አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነው። ልጃቸው ሩቅ ስቴት ነው የሚኖረው፣ ቋንቋውንም አያውቅም። ገበታ ላይ ፊት ለፊታቸው የሚቀመጡት አባባ ሩስታም ደግሞ ከኡዝቤክኛ በቀር ብዙም አይናገሩም ነበር።

ዘነቡ ስልኳ ላይ የሚያስተረጉም አፕ ከፍታ በመሀላቸው እያስቀመጠች ታነጋግራቸው ጀመር። ወሬያቸው ያው የሁላችንም ነው፤ እንዴት አደሩ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት ወይ፣ ዛሬ ይበርዳል። አባባ ሩስታም ዳቦ ቆርሰው "ኦሊንግ፣ ኦሊንግ" ይላሉ፤ ይውሰዱ፣ ይብሉ ማለታቸው ነው። ለዚህስ ስልክ አላስፈለገም። ዘነቡ "የኛው ሰው ናቸው፣ ሳያጎርሱ አይበሉም" እያለች ትስቃለች። እማማ ዳኑቴም እፍር እያሉ ይቀበላሉ። ከታመሙ ወዲህ ደህና የበሉት ያኔ ነው።

ከዚያ አባባ ሩስታም ሆስፒታል ገቡ፤ እዚያው አረፉ።

እማማ ዳኑቴ "የት ሄዱ?" ብለው ሲጠይቁ፣ ዘነቡ እንደ አገራችን ወግ አደረገች። መርዶ ድንገት አይነገርም፤ ደግፎ የሚይዝ ሰው ተፈልጎ፣ በጠዋት ነው። እስከዚያው "ልጃቸው ጋ ናቸው፣ ሰሞኑን ይመጣሉ" አለቻቸው በስልኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲባል ሰሚው ቀስ በቀስ ይገባዋል። እማማ ዳኑቴ ግን አመኑ። ዳቧቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን በናፕኪን ሸፈኑላቸው። እሳቸው ሳይመጡም አልበላም አሉ።

አሁን በጣም ከስተዋል። ነርሷ ብዙ አይቆዩም ብላለች። የቤቱ ኃላፊ በስልኩ ንገሪያቸውና ይለይለት ቢላት ዘነቡ እምቢ አለች።

"ስልክ አርድቷቸው ማን ሊያቅፋቸው ነው?" አለችኝ ባቡር ውስጥ።

"አንቺ ታቅፊያቸዋለሻ።"

"እያለቀሱ የሚሉትን ሳልሰማ? ደግሞስ የዋሸኋቸው እኔ አይደለሁ?"

ሰው እንፈልጋለን አልኳት። ቤተ ክርስቲያን ጠየቅሁ፤ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያሉትን ምግብ ቤቶች ሁሉ አዳረስኩ፤ ሳን ሆዜ ያለችው እህቴ ሶልያናም መሥሪያ ቤቷ ጠየቀችልኝ። አንድም አልተገኘም። ዘነቡ ቢገኝም አይደርስም ብላ ተስፋ ቆርጣለች። ትናንት ግን እስቲ ለዚህ ጋዜጣ ጻፊልኝ አለችኝ። ያለችኝ ይኸው፦

"ሊትዌኒያኛ የሚናገር ሰው የምታውቁ፣ ጎረቤትም ይሁን የሥራ ባልደረባ፣ እባካችሁ በዚህ ጋዜጣ በኩል አገናኙኝ። በጠዋት ይምጣልኝ፣ ሳይቸኩል። ነግሯቸው ትንሽ አብሯቸው ይቀመጥ። ዳቦውን እኔ እቆርሳለሁ።"