ትርፍ ያሳየው ካዝና

ጌጡ ፈንታሁን በደብረ ታቦር የአንድ የግንባታ ፕሮጀክት ገንዘብ ያዥ ነበር። ገንዘብ ያዥ ስላችሁ ሀብታም እንዳይመስላችሁ፤ ይይዝ የነበረው የሰው ገንዘብ ነው። ፕሮጀክቱ ጉና ተራራ ሥር ጤና ጣቢያ ይሠራ ነበር። እኔ እዚያው ቢሮ ታይፒስት ስለነበርኩ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው።

በ1979 ዓ.ም. በኅዳር አንድ ለጋሽ ድርጅት ለቢሯችን ኮምፒዩተር ሰጠ። ሥልጠናው አዲስ አበባ ነው ስለተባለ ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ሙላቴ ራሳቸው ሊሄዱ ሻንጣ አዘጋጅተው ነበር፤ በመጨረሻ ስብሰባ ያዛቸውና ጌጡ ተላከ። ሲመለስ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የመጣው። የጓድ ሙላቴ ባለቤት ዳንቴል ሠርተው አለበሱት። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ያገኘ ቀን ዳንቴሉ ይገፈፋል፣ አረንጓዴው ጽሑፍ ብቅ ይላል፣ እኛም ሥራችንን ጥለን ከጌጡ ጀርባ እንቆማለን።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው ለማስረዳት ቀላል ነው። በየወሩ ስንት ብር እንደሚገባና ስንት እንደሚወጣ አስቀድሞ ይተነብያል። ወሩ ሲያልቅ ካዝናው ውስጥ በእርግጥ የተገኘውን ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ከትንበያው ጋር ያስተያየዋል። ካነሰ ጉድለት ይላል፣ ከበለጠ ትርፍ ይላል። ከነዚህ ሌላ ቃል አያውቅም። ጓድ ሙላቴም እንደዚያው ስለነበሩ ቶሎ ተግባቡ።

አስቸጋሪው የጉና ሠራተኛ ነው። ድንጋይ የሚጠርበውና ጭቃ የሚያቦካው ገበሬ ደሞዙን ሁሉ ቤቱ ማስገባት አይወድም። ብር መግባቱ ከተሰማ አበልጅ ይመጣል፣ የአክስት ልጅ ይመጣል፣ የጎረቤት ልቅሶ ይደርሳል። እያለው የለኝም ማለት ነውር ነው፤ በእርግጥ ከሌለው ግን ማንም አይቀየመውም። ስለዚህ ጌጡ በየወሩ ደሞዝ ይዞ በበቅሎው ሲወጣ ሰዉ በአውራ ጣቱ ይፈርማል፣ ብሩን ይቆጥራል፣ ለጨውና ለበርበሬ የሚሆነውን ያስቀርና የቀረውን «እስከ ፋሲካ ያዙልኝ» ብሎ ለጌጡ ይመልሳል። ጌጡም የያንዳንዱን በጨርቅ እየቋጠረ ካዝናው ውስጥ ያኖራል። ፕሮጀክቱ ከተጀመረ አንስቶ እንዲህ ሲያደርግ አንዲት ሳንቲም ጠፍታበት አታውቅም። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ቅቤ አይገዛ፣ በግ አይታረድ፣ ቋጠሮዎቹ ያብጣሉ።

ማሽኑ በየወሩ መጨረሻ በካዝናው ያለው ጥሬ ገንዘብ ስንት ነው እያለ ይጠይቃል። ጌጡ የአደራውን ለብቻው የሚጽፍበት ቦታ ፈልጎ አጣ። ለሰው ቢሆን ነገሩን ማለዘብ ይችልበታል፣ ማሽንን መዋሸት ግን አልተማረም። ቋጠሮውን ከፕሮጀክቱ ብር ጋር ደምሮ እቅጩን ጻፈ። ማሽኑም በየወሩ ትርፍ፣ ትርፍ አለ። በመጋቢት መጨረሻ ትርፉ ከሺህ ብር አለፈ። ሲሚንቶ በጠፋበት ዘመን ትርፍ ያሳየ ፕሮጀክት በክፍለ ሀገሩ ታይቶ አይታወቅም ነበርና ጓድ ሙላቴ ገንዘቡን ለበላይ መሥሪያ ቤት ተመላሽ ሊያደርጉ ወሰኑ።

ጌጡ ገብቶ ገንዘቡ የሠራተኞቹ አደራ መሆኑን ነገራቸው። ጓድ ሙላቴ በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በመንግሥት ካዝና የተገኘ ገንዘብ የመንግሥት ነው። የግለሰብ ነው ካልክ ወንጀል ነው። አሁን ያልከኝን አልሰማሁም» አሉት።

ግድግዳው ኮምፔልሳቶ ስለነበር እኔ ሰምቻለሁ። በማግስቱ ገንዘቡ ሄደ፣ ወዲያው የምስጋና ደብዳቤ መጣ፣ ደብዳቤውም በመስታወት ታቅፎ ተሰቀለ። እንዴት እንዳናደደኝ አልነግራችሁም። ጌጡ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወርድ አለው። ፋሲካ ደርሷል፤ ደርዘን የሚሆኑ አባወራዎች ለበግና ለልጅ ልብስ ብለው የሰጡት ብር እሱ እጅ የለም። ጓድ ሙላቴን ቢከስ ወህኒ የሚገባው ራሱ ነው፤ ሠራተኞቹን የለም ቢላቸው ደግሞ ሌባ ሆኖ ይቀራል።

በሕማማቱ ሰኞ በቅሎውን ለአንድ የይፋግ ነጋዴ ሸጠ። ያቺ በቅሎ ገበያ መሀል ስታልፍ ሰው ዞር ብሎ የሚያያት ነበረች። ዋጋዋ አልሞላ ሲል ሚስቱ ውዴ የጆሮ ወርቋን አወለቀች። ኮምፒዩተሩስ ስንት አዋጣ ብላ ከመጠየቅ በቀር ምንም አላለች።

ረቡዕ ሠራተኞቹ ወረዱ። በሕማማት ሰው አይሳሳምም፤ ጌጡ ያን ቀን ይህን ሥርዓት ሳያመሰግን አልቀረም፣ በዚያ ፊቱ ጉንጩን ለማንም የሚሰጥ አልነበረምና። ለሁሉም እንደየቋጠሮው ከፈለ። ማንም ምንም አልጠየቀም። ደብረ ታቦር ግን ትንሽ ከተማ ናት፤ የበቅሎዋ ወሬ ከሠራተኞቹ ቀድሞ ጉና ደርሷል።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ጌጡ የሚያዝያን ደሞዝ በትከሻው አንግቶ ዳገቱን በእግሩ ወጣ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ሠራተኞቹ በየተራ ፈረሙ፣ ብሩን ቆጠሩ፣ ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት። ሁሉም። ጌጡ ጨርቆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር። መጨረሻ ላይ የግንበኞቹን አለቃ ማሩን ጠርቶ፣ ዛሬ የሚያስቀምጥ የለም ወይ ብሎ ጠየቀው። ማሩ እጁን ከጭቃው ጠረገ።

«አንቱን እናምናለን» አለ። «አሁን ግን የሚሸጡት በቅሎ የለዎትም።»

ጌጡ ጨርቆቹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ቁልቁለቱን ያዝን። ግማሽ መንገድ ላይ አለቀሰ፤ እኔም ፊቱን እንዳላይ ከኋላው ሄድኩ።

ሚያዝያ ሲያልቅ ካዝናውን ቆጥሮ ለማሽኑ ነገረው። ትንበያውና የተገኘው ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሳንቲሙ ገጠሙ፤ ጉድለትም የለ፣ ትርፍም የለ። ጓድ ሙላቴ ወረቀቱን ይዘው ከቢሯቸው ወጡና በሁላችንም ፊት የጌጡን እጅ ጨበጡ።

«ይኸውልህ» አሉት፣ «አሁን ገና ሥራው ገባህ።»