ከላይ ቤት ለሚያስሉት ሰው

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር እፍረትም ደስታም አንድ ላይ ይመጡብኛል።

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጄም አግብታ ሐዋሳ ከገባች ወዲህ ቤቱ ለእኔና ለሬዲዮዬ ብቻ ቀረ። ሬዲዮውን የምከፍተው ለመስማት እንኳ አይደለም፤ የሰው ድምፅ ቤት ውስጥ እንዲኖር ነው። ከፍም አደርገዋለሁ። ማን ይቆጣኛል?

የዚያን ዕለት የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ነበር። ጋዜጠኛው "ያን ቢወድቅ የማይሰበር ስልክ የሚሠራው የፊንላንድ ኩባንያ፣ ስልክ ከመጀመሩ በፊት ምን ያመርት ነበር?" ሲል ብድግ አልኩ። ይቺንማ አውቃታለሁ! ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወሎ ሰፈር ስልክ ጠጋኝ ነበር። ደንበኛ ያን ስልክ ይዞለት ሲመጣ "አይዞህ፣ ይሄ አይሞትም፤ ዘሩ ቦት ጫማ ነው" እያለ ያስቃል። እኔ "ኤጭ፣ አሁንስ ሰለቸኝ" እለው ነበር።

ደወልኩ። መስመሩ አይገኝም ሲባል እሰማ ነበር፤ ለእኔ ግን ወዲያው ተነሣ።

"እማማ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን" አለኝ። እማማ? እሺ ይሁን። ጭራሽ አጠፋሁት።

"መጀመሪያ ወረቀት፣ ኋላ ደግሞ የጎማ ቦት ጫማ" አልኩ።

"ትክክል! በሉ እንግዲህ፣ ሰላም የሚሉት ሰው ካለ ይጥሩልን።"

እዚህ ላይ ጉድ ሆንኩ። ሌላው ደዋይ አክስቱን፣ የሰፈሩን ልጆች፣ የቢሮ ጓደኞቹን ይደረድራል። እኔ ማንን ልበል? ሐዋሳ ጣቢያው አይሰማም። የድሮ ጎረቤቶቼ ሰፈራችን ሲፈርስ የት የት እንደገቡ አላውቅም። አገር ምድሩ እየሰማኝ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

"ሄሎ? ይሰማዎታል?"

ያን ጊዜ ከላይ ቤት ሳል ሰማሁ። ሳሉን እዚህ ከገባሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

"ከላይ ቤት ለሚያስሉት ሰው" አልኩ፣ "እግዜር ይማርዎት በሉልኝ።"

"ስማቸውስ?"

"እኔንጃ ልጄ።"

ጋዜጠኛው ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሬዲዮውን መልሶ መክፈትም አስጠላኝ። ሰላም የምትለው ሰው ያጣች ሴት! አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሻርፕ የተከናነቡ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴት ቆመዋል። አሳላቸውና ማን እንደሆኑ ገባኝ። ሰላምታዬን ሰምተው የመጡ መስሎኝ "ይቅርታ፣ ስምዎን ባውቅ ኖሮ እጠራዎት ነበር" አልኳቸው።

"የት ነው የምትጠሪኝ?" አሉ ግራ ገብቷቸው።

ለካ ምንም አልሰሙም። እሳቸው ቤት ሬዲዮ የለም። ሁልጊዜ የሚሰሙት የእኔን ነበር፣ በወለሉ በኩል።

"ድንገት ጭጭ ሲልብኝ፣ ይቺ ሴት ምን ሆነች ብዬ ደንግጬ ነው። ደህና ነሽ ልጄ?" አሉኝ፣ የደረጃውን መደገፊያ እንደያዙ።

አቅፌያቸው አለቀስኩ። እሳቸውም "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እትዬ ዘሐራ ይባላሉ።

ልዋሽ አልፈልግም፣ ብቸኝነቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ማታ ማታ ይመጣል። ነገር ግን አሁን ልጄን ለማየት ሐዋሳ ስሄድ፣ ሻንጣዬን ይዤ ከመውረዴ በፊት ወደ ላይ ወጥቼ ለእትዬ ዘሐራ እነግራቸዋለሁ። ሬዲዮው ዝም ሲል እንዳይደነግጡብኝ።