ናሆም ከአሮጌ ፎም የሠራት ቦርድ

ጥፍር በሚቀባበት ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የኬሚካል ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ወዲያው አሥራ አንድ ዓመት ይሆነኝና ፒዮሪያ ስትሪት ላይ የነበረው አፓርትመንታችን በረንዳ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ።

አባቴ አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ በወጣትነቱ የተጋጨ መኪና ሲያቃና የኖረ፣ ዴንቨር ከመጣን በኋላ ግን ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። እጁ ወርቅ ነበር፤ አፉ ግን፣ ይቅር ይበለኝና፣ ከቁጣ በቀር ሌላ ማውጣት ይከብደው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ናሆምም እልኸኛ ስለነበር፣ እኔና እናቴ በሁለቱ መሀል እየተሽሎከሎክን እንኖር ነበር።

በረዶው ቀልጦ ዛፎች ሲያቆጠቁጡ ናሆም ከዴንቨር ወጣ ብላ ባለችው እንግልውድ በሚያልፈው ወንዝ፣ ድንጋይ ተደርድሮ በተሠራ ማዕበል ላይ በቦርድ ቆመው የሚንሸራተቱ ልጆችን አይቶ መጣና ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሰርፍ ቦርድ የሚገዛለት ስላልነበረ፣ ሰዎች ሰብረው የጣሏቸውን አሮጌ የፎም ቦርዶች እየለቀመ፣ በአውቶቡስ እየጫነ በረንዳችን ላይ ይከምር ጀመር። አባቴ ከሥራ ሲገባ ክምሩን እያየ «ይሄ ቤት ነው ቆሻሻ መጣያ?» ይል ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ናሆም በሌለበት ሁሉንም ተሸክሞ ወርዶ ዳምፕስተሩ፣ የግቢው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናሆም አባቴን ማናገር አቆመ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ከአንድ ገበታ እየበላን፣ ሁለቱ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ይነሡ ነበር። ናሆም እንደገና መልቀም ጀምሮ፣ ለእናቴ ደግሞ «አሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ቀን ከቤት እወጣለሁ» ብሏት ነበር። ልደቱ ጃንዋሪ ላይ ስለነበር እናቴ ቀኑን እያሰበች ታለቅስ ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ ቦርዷ መልክ መያዝ ጀመረች። የአሮጌዎቹን ልባስ ገፍፎ፣ ዕቃ የሚታሸግበትን የሚመስለውን ነጩን ፎም በመጋዝ ቆርጦ፣ ሁለቱን ስባሪ መሀላቸው ቀጭን እንጨት አስገብቶ አጣብቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። «ወፈርና አጠር ማለት አለባት፣ ሳሪ፤ ወንዙ ውስጥ ስፔስ የለም፣ ዩ ኖው?» ይለኝ ነበር፤ ሳሪ የቤት ስሜ ነው። ከላይ የሚቀባው ጠንካራ ልባስ ብቻ ሲቀረው፣ ትክክለኛውን እስኪያገኝ በፕላስቲክ ጠቅልሎ አስቀመጣት።

በረዶ መውረድ ሲጀምር አባቴ ተለወጠ። ናሆም ሲወጣ ጠብቆ በረንዳ ላይ ይወጣና ፕላስቲኩን ገልጦ ቦርዷን በመዳፉ ይዳብሳት ነበር። «ጥሩ እጅ አለው» አለ አንድ ቀን ለራሱ። እናቴ «ታዲያ ለምን ለእሱ አትነግረውም? ልጁ ሊሄድብን ነው» ብትለው፣ በነጋታው መኪና ከሚጠግን ጓደኛው የተሰነጠቀ ባምፐር የሚለጠፍበት፣ ሲደርቅ የሚጠነክር አንድ ጣሳ ሬዚን ይዞ መጣ። ለናሆም ልደት ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር።

«ሳሪዬ፣ እስቲ አንብቢልኝ፤ ለፎም ይሆናል ይላል?»

የቤታችን የእንግሊዝኛ አንባቢ እኔ ነበርኩ፤ የሐኪሙም የትምህርት ቤቱም ወረቀት በእኔ አፍ ያልፍ ነበር፣ ሰልችቶኝም ነበር። ቴሌቪዥን እያየሁ ስለነበር በትልቁ የተጻፈውን ብቻ አየት አድርጌ «አዎ፣ ይሆናል» አልኩት። ጣሳውን ይዞ በረንዳ ወጣና ቦርዷን መቀባት ጀመረ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ አባቴ «እንዴ፣ እንዴ» ሲል ሰምቼ ስወጣ፣ ፎሙ ሬዚኑ በነካው ቦታ ሁሉ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር እየሟሟ ይሰምጥ ነበር፤ አባቴ በጨርቅ በጠረገው ቁጥርም ይብስበት ነበር። ጣሳውን አንሥቼ ደቃቁን ጽሑፍ አነበብኩት። እንዲህ ዓይነቱን ፎም ያቀልጣል ይላል። ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዙሬ መልሼ አስቀመጥኩት።

ናሆም ሲገባ አባቴ እጁ ላይ የተጣበቀውን እንኳ ሳይታጠብ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

«ልረዳህ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለው።

«ዩ ዲድ ኢት አጌን» አለ ናሆም፣ ደግመህ አደረግኸው እንደ ማለት፣ ድምፁን ሳያነሣ።

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። ያነበበችልኝ እሷ ናት ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። እኔም አልተናገርኩም። ከሦስት ቀን በኋላ ናሆም ልብሱን በሻንጣ ከትቶ ሄደ።

ዛሬ ናሆም ኦሪገን ይኖራል፤ ለእናቴና ለእኔ ይደውላል፣ ለአባቴ ግን አይደውልም። አባቴ አርጅቷል፤ የመጣለትን ወረቀት በስልኩ ካሜራ ራሱ እያስተረጎመ ያነባል፣ እኔን አይጠይቀኝም። ባለፈው እሑድ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ ናሆም ደወለ። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ ሥራው አወራን፣ ጣሳውን ለአባቴ ያነበብኩለት እኔ እንደ ነበርኩ ሳልነግረው ተሰነባበትን።

«ማን ነው?» አለኝ አባቴ።

«ከሥራ ቦታ ነው» አልኩት።

ልጅ ሳለሁ ዝም ያልኩት ቁጣ ፈርቼ ነበር። አሁን አባቴ በማንም ላይ አይቆጣም፤ እኔ ግን ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነኝ።