ፕላኑ ላይ የሌለው ቧንቧ

የአየር ማረፊያው የጥገና ሠራተኞች «ጋሽ ጆሮ» ይሏቸዋል። ሞተር ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ትንሽ ያዳምጡና «የዚች ኩሽኔታ አልቋል» ይላሉ፤ ሲፈታ እንዳሉት ይገኛል። ባለቤታቸው ግን «እኔ ስጠራውማ ይደነቁራል» እያሉ ይስቃሉ።

ጡረታቸው አራት ወር ሲቀረው የመንገደኞች አዳራሽ ሊሰፋ ሆነ። ምድር ቤት ያሉት፣ የሕንፃውን አየር በቀዝቃዛ ውኃ የሚያበርዱት ማቀዝቀዣዎች ከነቧንቧቸው ወደ አዲስ ክፍል ይዛወሩ ተባለ፤ በረራ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥም። ከላይ ሻንጣ ይጎተታል፣ ሕፃን ያለቅሳል፤ ከታች ብረት ይቆረጣል።

«ሰው ምሳውን እየበላ ጥርሱን እንደ መንቀል ነው» አሉ ጋሽ ጆሮ።

ሥራውን የምትመራው ኢንጂነር ወጣት ናት፣ ጥንቁቅ። ፕላኑን እያየች ቧንቧዎቹን ቀለም ቀብታለች፤ አረንጓዴው የሚሠራ፣ ቀዩ አገልግሎት ያቆመ ወይም ፕላኑ ላይ የሌለ፣ የሚቆረጥ። ለመቁረጡም በረራ የሚሳሳበትን ቀትር መረጠች።

ቆራጩ መጋዙን ሲያስነሳ ጋሽ ጆሮ ቀይ ከተቀቡት መሀል አንዱን ቀጭን ቧንቧ አዩና ክው አሉ። የገጠሙት ራሳቸው ናቸው። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ ሙቀት በጠናበት ሰሞን፣ የመቆጣጠሪያ ማማው የመገናኛ መሣሪያዎች ክፍል ማቀዝቀዣ ተቃጥሎ ነበር። ማንንም ሳያስፈቅዱ ከዋናው መስመር ቀጥለው ቀዝቃዛ ውኃ ላኩለት። «ለጊዜው ነው» አሉ። ለጊዜው የተባለው እዚያው ከረመ። ሲቆይ ደግሞ መናገሩ አሳፈራቸው።

«ቁም! እንዳትቆርጠው!»

ቆራጩ ሳቀ። «በቃ፣ ጋሽ ጆሮ ሰሙ!»

«እውነት ውኃ ተሰማዎት ጋሼ?» አለች ኢንጂነሯ።

አዎ ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ምስጋናም ይተርፋቸዋል። ግን እንዲህ በድብቅ የቀጠሏቸው ሌሎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ነገ ይቆረጣል።

«አልሰማሁም ልጄ። የቀጠልኩት እኔ ነኝ፣ ሳላስፈቅድ። የማማውን መሣሪያ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ሌላም ሁለት አለ።»

መጋዙ ጠፋ። የኢንጂነሯ ፊት አመድ መሰለ።

«አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ያ መሣሪያ ቢጠፋስ? አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሰው እንኳ አይነግሩም?»

«ልክ ነሽ» አሉ ጋሽ ጆሮ።

ሥራው ሁለት ቀን ዘገየ። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ቤት ገብተው ለባለቤታቸው አነበቡላቸው።

«ለጊዜው ብለህ በሽቦ ያሰርከው የጓዳ በር ስድስት ዓመቱ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «እኔስ ለማን ልጻፍ?»

ጋሽ ጆሮ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ባለቤታቸውም አጠገባቸው ተቀመጡ።

ቀሪዎቹን ሳምንታት ኢንጂነሯ ኮርኒስ ለኮርኒስ፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ አስከትላቸው ዞረች። መጀመሪያ ኩርፊያዋ አልበረደም ነበር፤ እየቆየ ግን ውኃ ስትጠጣ ለእሳቸውም መቅዳት ጀመረች። በጭንቅላታቸው ያለውን ሁሉ ጻፈችው። ለማማው ጊዜያዊ ማቀዝቀዣ ቆመለት፤ ቧንቧው ከዚያ በኋላ ተቆረጠ። ከላይ መንገደኞቹ ተሰልፈው ነበር፤ ያወቀ የለም።