ለስንት ሰው?

ሶፍትዌሩ አሥራ ስምንት ሺህ ሺልንግና አንድ ወዳጅ አስከፍሎኛል።

በኬንያው ሞያሌ ብረት እሸጣለሁ፤ የውሃ ታንከር የሚሸከም የብረት ማቆሚያም በየገጠሩ እተክላለሁ። ብረቱ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት የሚያሰላልኝ አንድ ጡረታ የወጣ ኢንጂነር ነበር። ሱቄ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ እያሰላ፣ "ለነፋሱ ጨምርለት" ይለኛል። ብረት ለመቆጠብ ስሟገተው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ከነፋስም ጋር ዋጋ ትከራከራለህ?" እያለ ይስቅብኛል። ክፍያው ሻይ ነበር፤ ወሬው ግን ግማሽ ቀኔን ይበላዋል።

ስለዚህ በእሱ ፈንታ የሚያሰላልኝ ሶፍትዌር አማረጥኩ። አንዱ ለድልድይ የተሠራ ነው፤ እኔ ድልድይ አልሸጥም። ሌላው በነጻ ነው፤ የነጻ ነገር ደግሞ አላምንም። ሦስተኛውን ለመግዛት ስደውል ሻጩ፣ "ለስንት ሰው ይሁን? ለሁለት ተጠቃሚ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል" አለኝ።

"ለአንድ" አልኩት።

ኢንጂነሩ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ "ደህና መርጠሃል፣ ነጋዴው" ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

አሁን በደቂቃ አሰላለሁ። ውጤቱ ሲወጣ ለነፋሱ ከራሴ ትንሽ እጨምራለሁ፤ የሚስቅብኝ የለም።

ሂሳቡ ሲዘጋ ይኸው ነው፦ ኦቦ መንደር የተከልኩት ማቆሚያ አልወደቀም፤ ወንበሩ ባዶ ነው።