የድምቡሼ አካውንት

ቢሮው ውስጥ መስኮቱ ስር የሚቀመጥ አንድ ሰውዬ አለ። ክረምት ከበጋ ያቺው ግራጫ ሹራብ ናት፣ ክርኗ ላይ ተበልታለች። ጠዋት ላጸዳ ስገባ ሁሌ ቀድሞኝ አገኘዋለሁ። እዚያ ቤት የኮምፒውተር ልጆቹ የጻፉትን ፕሮግራም ራሱ ፈትሾ ለደንበኛ የሚለቅ ማሽን አለ፤ ደመና ላይ ነው ይላሉ፣ እኔ ቀና ብዬ ፈልጌ አጣሁት። ፕሮግራም በለቀቀ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን "ድምቡሼ አድርሷል" ይላል። ማሽኑን በሠራው ሰው ስም በተከፈተ አካውንት ነዋ የሚሄደው። ድምቡሼ ደግሞ አምና ሞቷል።

ሰውዬው ታዲያ ማለዳ ማለዳ ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ባዶ ቦታ ይጨምራል፣ በማግስቱ ያጠፋታል። ለምንም አትጠቅምም። ማሽኑ ግን ምስኪን፣ ቁም ነገር መስሎት ሁሉን ፈትሾ ይለቃል። የጓደኛው የድምቡሼ ስም ብቅ ሲል ሰውዬው ትከሻው ረገብ ይላል። እኔን ግን መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ይሰቀጥጠኛል።

ትናንት አለቃዋ ደረሰችበት።

"አንተ፣ የሞተ ሰው አካውንት ክፍት ይተዋል እንዴ? ሌባ ቢገባበትስ? ዛሬውኑ ልጆቹ ይዝጉት!" አለችው፣ በዚያ ጅራፍ በሚመስል ድምጿ።

ይሟገታል ብዬ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር። እሱ ሹራቡን ወደ ታች ጎተት አድርጎ ተነሳ።

"እሺ እትዬ። ግን ልጆቹ አይንኩት፣ እኔው ልዝጋው። የድምቡሼ ቀብር ቀን ማሽኑን ጠብቅ ብላችሁ እዚሁ አስቀርታችሁኛል።"