ጀልባው የዘገየ ዕለት

ሜልቦርን ውስጥ አስኮት ቬል ሰፈር ከነበረው አፓርታማችን ለቅቀን፣ ከከተማው ራቅ ወዳለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የሄድነው ባለቤቴ እዚያ ዓሣ ማሸጊያ ውስጥ ሥራ ስላገኘ ነበር። እናቴም አብራን መጣች። ደጋ ተወልዳ ያደገች ናትና ባሕሩን አልወደደችውም። "ይሄ ውኃ አይተኛም እንዴ?" ትለኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኗና ከወዳጆቿ ርቃ ስትውል ሳያት አንጀቴን ትበላኛለች።

ጎረቤቶቻችን በእናቴ ዕድሜ ያሉ ፈረንጅ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው በራሱ ጀልባ ዓሣ ያጠምዳል። ሚስትየዋ በአጥር ላይ እጇን ስታወዛውዝ፣ እናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣለች። ከዚያ ያለፈ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። ሌሎቹ ጀልባዎች ገቡ፤ የጎረቤታችን ግን ቀረ። አንዱ አጥማጅ ሊፈልገው ተመልሶ ወጣ። እናቴ በመስኮት ስታይ ቆይታ ነጠላዋን በሹራቧ ላይ ደረበች።

"ወዴት ነው እማዬ?"

"ሴትየዋ ብቻዋን ቆማለች።"

"እንግሊዝኛ አትችይ፣ ምን ልትያት ነው?"

"ለመቆም ምን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል?"

ተከትያት ወጣሁ። ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት የእንጨት መረማመጃ ጫፍ ላይ ደርሳ የሴትየዋን እጅ ያዘች። "አይዞሽ፣ ይመጣል" አለቻት። ልተረጉምላት አፌን ስከፍት ሴትየዋ "ገብቶኛል" አለችኝ።

ብዙ ቆምን። ሊጨልም ሲል ጀልባው ሞተሩ ተበላሽቶ፣ በሌላው እየተጎተተ ብቅ አለ። ሚስትየዋ ባሏን አላቀፈችውም፤ ተቆጣችው። እናቴ "ደግ አደረግሽ፣ ተቆጪው" አለች በአማርኛ። ሰውየው ከነእርጥብ ልብሱ ቆሞ ሲሰማ ቆየና ወደ እናቴ ዞሮ ጎንበስ አለላት።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ከምሳ በኋላ ባሕሩ ዳር አብረው መሄድ ጀመሩ። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በእንግሊዝኛ፣ ሳያቋርጡ ያወራሉ።

"ለመሆኑ ምን ትባባላላችሁ?" አልኳት አንድ ቀን።

"ስለ ልጆቿ ነዋ። ትልቁ አይደውልላትም፤ እሱ ነው የሚያብሰለስላት።"

ከራሷ የፈጠረችው መስሎኝ ሳቅሁ። በሌላ ጊዜ ሴትየዋን በአጥር ላይ ስናወራ ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት። እናቴ እንዳለችው ነበር።